ግእዝን ማን ገድሎት ነው የሚያስነሡት?

ወሬው በየዓመቱ ይመለሳል። የባህል ቀን፣ የመጽሐፍ ምረቃ ወይም የዩኒቨርሲቲ ዐውደ ጥናት ይሆናል። አንዱ ተናጋሪ ይነሣና «አይሁድ ሁለት ሺህ ዓመት ተቀብሮ የኖረውን ዕብራይስጥ አስነሥተው ዛሬ አውሮፕላን ያበሩበታል፤ እኛ ግእዝን ማስነሣት ምን አቃተን?» ይላል። ጭብጨባው ይቀልጣል፤ ፎቶ ይነሣል፤ ምሳ ይበላል። በማግስቱ ግእዝ እዚያው የነበረበት ነው። ተናጋሪውም ልጁን ወደ እንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ያደርሳል።

በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ የዕብራይስጥ ታሪክ ተዛብቷል፣ ግእዝም በቁሙ ተገንዟል። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ንግግሩ ጎጃም ውስጥ መደመጡ ነው። የዐባይ ልጅ ውኃ ጠማው ይሏል ይህ ነው።

ከዕብራይስጡ ይጀመር። ዕብራይስጥ የቤት ቋንቋ መሆኑ የቀረው ከክርስቶስ ልደት በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት ነው፤ መጻፉ ግን አልተቋረጠም። የአይሁድ መምህራን የሕግ ጥያቄና መልስ ይጻጻፉበት ነበር፤ ባለቅኔዎቻቸው ይቀኙበት ነበር፤ አገር ለአገር የተራራቁ ሰዎች ደብዳቤ ይላላኩበት ነበር። በ1853 እ.ኤ.አ. አብርሃም ማፑ የተባለ የሊቱዌንያ ሰው በዕብራይስጥ ልብ ወለድ አሳተመ። በ1856 «ሃማጊድ» የተባለ ሳምንታዊ ጋዜጣ ወጣ። ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ ኢየሩሳሌም የገባው በ1881 ነው፤ ራስ አዳል ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ጎጃም ላይ በነገሡበት በዚያው በፈረንጅ ዓመት ማለት ነው። ሰውዬው ሬሳ አላገኘም። የሚነበብ፣ የሚጻፍ፣ የሚታተም፣ ነገር ግን ማጀት ውስጥ የማይወራ ቋንቋ ነው ያገኘው።

በ1882 የተወለደውን ልጁን ከዕብራይስጥ በቀር ሌላ ቋንቋ እንዳይሰማ አድርጎ አሳደገው። ይህች ታሪክ ታምራለች፤ መድረክ ላይ የምትተረከውም እሷ ናት። ግን አንድ ግትር አባት ብቻውን ቋንቋ አያስነሣም። ያስነሣው ችግር ነው። ወደዚያች ምድር ከሚጎርፉት አይሁድ አንዱ ይዲሽ፣ አንዱ ላዲኖ፣ አንዱ ዐረብኛ፣ ሌላው ሩስኛ ይናገር ነበር። ጎረቤት ከጎረቤቱ ጨው ለመበደር የሚሆን የጋራ አፍ አልነበረውም። ሁሉም ግን ጸሎቱን ከልጅነቱ ጀምሮ በዕብራይስጥ ያውቃል። መንገዱን የጠረገው ይህ ነው። በ1886 ሪሾን ለጽዮን ላይ ትምህርቱን በዕብራይስጥ የሚሰጥ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1913 ሐይፋ ላይ የሚቋቋመው የቴክኒክ ተቋም በጀርመንኛ ያስተምር ሲባል መምህራንና ተማሪዎች አድማ መቱ። በ1922 የእንግሊዝ አስተዳደር ዕብራይስጥን ከእንግሊዝኛና ከዐረብኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋ አደረገው። በዚህ ሁሉ መሀል የሕዝብ ምርጫም አለበት። ቤን ይሁዳ ለመዝገበ ቃላት የፈጠረውን «ሚሎን» የተባለ ቃል ሰዉ ተቀበለው። ለቲማቲም ከዐረብኛ ወስዶ ያቀረበውን ቃል ግን ገበያው እምቢ ብሎ የራሱን መረጠ።

ዋጋውም አለ፤ እሱን መድረክ ላይ የሚያነሣው የለም። ይዲሽ የሚባለው፣ ሚሊዮኖች የሚናገሩት፣ ጋዜጣና ቴአትር የነበረው ቋንቋ በዚያች አገር እንደ ውርደት ተቆጠረ። በ1920ዎቹ ቴል አቪቭ ውስጥ የቋንቋ ጠባቂ ጓድ የተባሉ ወጣቶች ይዲሽ የሚያወራውን ሰው መንገድ ላይ እየተከተሉ «ዕብራይስጥ ተናገር» እያሉ ያስጨንቁት ነበር። ዕብራይስጥ የተነሣው ሌላውን እየረገጠ ነው።

አሁን ይህ ሁሉ ወደ ደብረ ማርቆስ ገበያ ይምጣ። ከአማኑኤል ጤፍ የጫነው ነጋዴና ከሉማሜ የመጣችው ቅቤ ሻጭ በምን ቋንቋ ይከራከራሉ? በአማርኛ፤ ያውም በጎጃም አማርኛ፣ ከነለዛው። የሚያግባባቸው የጋራ ቋንቋ አልጠፋም። ታዲያ የትኛዋ እናት ናት አማርኛዋን ጥላ ሕፃኗን በግእዝ እሹሩሩ የምትለው? ለምንስ ብላ? የዕብራይስጥ መንገድ ለግእዝ ዝግ ነው። ዝግ መሆኑ ደግሞ ነውር የለበትም፤ መንገዱ የተከፈተው በሌላ ሕዝብ ችግር ነውና።

ግእዝ የቆመበት ቦታ ሌላ ነው። ቦታውን ለማየት እስራኤል መሄድ አያስፈልግም፤ ደብረ ኤልያስ፣ ዲማ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ አሉ። የቅኔ ጉባኤ ውሎን ያላየ ሰው ግእዝ የሚባለውን ነገር ከብራና ላይ የሚነበብ ያለፈ ዘመን ንባብ ያደርገዋል። እዚያ ግን የኔታ አዲስ ቅኔ ይዘርፋሉ። ሰሙን ከወርቁ እየለዩ፣ አገባቡን እየፈቱ ይተረጉማሉ። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ ወደ ዱር ይወርድና ዛፍ ሥር ወይም ገደል አፋፍ ተቀምጦ ይቆጥራል። መቁጠር ማለት ቁጥር አይደለም፤ ከባዶ ተነሥቶ በግእዝ አዲስ ሐሳብ ማዋቀር ነው። ሲመለስ ለአስነጋሪው ይነግራል፤ ግሱ ከተሳሳተ ይመታል፣ ምሥጢሩ ከላላ ይታረማል። ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እሷ ሁለት ቤት ናት። ዘአምላኪየ ሦስት ነው፤ ዋዜማ አምስት፤ ሥላሴ ስድስት፤ መወድስ ስምንት። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም ነውር ነው፤ የሌላውን ሰው ቅኔ የራስ አድርጎ ማቅረብ ደግሞ ሌብነት ነው። ስለዚህ በየሰንበቱና በየክብረ በዓሉ ከዚያ በፊት በምድር ላይ ማንም ብሎት የማያውቅ የግእዝ ዓረፍተ ነገር ይወለዳል። በቅኔው ውስጥ ዳኛ ይወቀሳል፣ ድርቅ ይነሣል፣ ሹም ይነካል፤ የተነካውም ሹም ብዙ ጊዜ ሳይገባው አብሮ ያጨበጭባል።

የሞተ ነገር ይህን አያደርግም። አፍ መፍቻ አለመሆን አንድ ነገር ነው፣ መሞት ሌላ። ይህን ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚናገር ሰው፣ ግእዝን እወዳለሁ ቢልም፣ ከ«ግእዝ የሞተ ቋንቋ ነው፤ ለምን ገንዘብ ይባክናል?» ባዩ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አንዱ ቀብሮ ያለቅሳል፣ አንዱ ቀብሮ ይሄዳል።

ቤን ይሁዳን መጥቀስ የሚወድ ሰው አንድ ነገር ቢያውቅ መልካም ነው። ቤን ይሁዳ ኢየሩሳሌም ተቀምጦ መዝገበ ቃላቱን ሲያዘጋጅ፣ በዚያችው ከተማ አንድ የሸዋ ሰውም መዝገበ ቃላት ላይ ነበሩ፤ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ። መምህራቸው ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ ግስ ይዘው፣ ዕብራይስጥና ዐረብኛ ተምረው፣ ሠላሳ ዓመት ያህል እዚያ ኖረዋል። የአንድ ሴማዊ ቤት ልጆች የሆኑ ሁለት ቋንቋዎች፣ በአንድ ከተማ፣ በሁለት ሰዎች እጅ። ቤትን «ባይት»፣ ሰማይን «ሻማይም»፣ ልብን «ሌቭ»፣ ነፍስን «ኔፌሽ» የሚል ቋንቋ ለአለቃ ባዕድ አልነበረም። ቤን ይሁዳ በ1922 ሲሞት ሥራው አላለቀም ነበር፤ የመጨረሻው ቅጽ የወጣው በ1959 ነው። አለቃም የሥራቸውን መታተም ሳያዩ አረፉ፤ ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት ያበቁት።

ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው። አለቃ ሕፃናት በግእዝ እንዲያለቅሱ አልተመኙም። ግሱን ከሥሩ አበጠሩት፤ አማርኛ ሲቸግረው የሚቀዳበት ጉድጓድ ቆፈሩ። አማርኛም ሲቀዳ ኖሯል። «ሕገ መንግሥት»፣ «ሥነ ጽሑፍ»፣ «ሥርዓተ ትምህርት» ከየት መጡ? በ1966 አሮጌውን ሥርዓት ነቅለናል ያሉት ወጣቶች የነቀሉበትን ነገር «አብዮት» አሉት፤ አበየ፣ እምቢ አለ ከሚለው የግእዝ ግስ። «ርዕዮተ ዓለም»ም ያው ነው። ቤተ ክርስቲያን ደጅ የማይደርስ ካድሬ ሳይቀር ቀኑን ሙሉ ግእዝ ሲያወራ ይውል ነበር። ማስነሣት የሚባል ነገር ካለ፣ ይህ ነው የተደረገው። ጭብጨባ ስላልነበረበት አልታየም።

እንግዲህ ምሳሌ ከተፈለገ፣ ለምን ሁልጊዜ ዕብራይስጥ ብቻ? በዓለም ላይ ለኢትዮጵያ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርብ፣ መድረክ ላይ ማንም የማይጠራው ቋንቋ አለ፤ አሳምኛ። በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ በብራህማፑትራ ወንዝ ሸለቆ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ቆጠራ 15 ሚሊዮን ያህል ሰው አፍ የፈታበት ቋንቋ ነው። ከዕብራይስጥ ጋር ዘመድ አይደለም፤ አንዱ ሴማዊ፣ ሌላው ከሳንስክሪት ወገን ነው። ታሪካቸውም የሚሄደው ወደ ተለያየ አቅጣጫ ነው። ዕብራይስጥ መጽሐፍ ኖሮት አፍ ያጣ ቋንቋ ነበር። አሳምኛ አፍ ኖሮት መሥሪያ ቤት የተነፈገ ቋንቋ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዞች በ1826 አሳምን ያዙ። በ1836 የፍርድ ቤቱና የትምህርት ቤቱ ቋንቋ የጎረቤቱ ቤንጋልኛ ይሁን አሉ፤ የራሳቸው ጸሐፊዎች የለመዱት እሱን ነበርና። ከሳሽ በማያውቀው ቋንቋ እየተከራከረ፣ ልጅ በማያውቀው ቋንቋ እየተቆጣ 37 ዓመት አለፈ። አሳሞች ያኔ «ቋንቋችን ሞቷል፣ እናስነሣው» አላሉም። በ1846 የአሜሪካ ባፕቲስት ሚሲዮናውያን «ኦሩኖዶይ» የተባለ መጽሔት በአሳምኛ ማተም ጀመሩ። በ1867 ከሚሲዮናውያኑ አንዱ የሆነው ብሮንሰን መዝገበ ቃላት አወጣ። አናንዳራም ዴኪያል ፉካን የተባለ ወጣት ሹም ለመንግሥት አቤቱታ ጻፈ፤ በሠላሳ ዓመቱ ገደማ ሞተ፤ አቤቱታው ግን አልሞተም። በ1873 አሳምኛ ወደ ፍርድ ቤቱና ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሰ። ሄምቻንድራ ባሩዋ ያዘጋጀው ታላቁ መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1900 ታተመ፤ አዘጋጁ ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ። መዝገበ ቃላት ጸሐፊ ዕድሜ አይሰጠውም መሰለኝ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ ሦስቱም አገር ላይ አንድ ዓይነት።

አሳምኛን ለኢትዮጵያ የሚያቀርበው ሌላም ነገር አለ። ሳንስክሪት ለአሳምኛ የሆነውን ግእዝ ለአማርኛ ሆኖለታል፤ ቀጥተኛ እናት ሳይሆን የከበደ ቃል የሚበደሩት አያት። ሊቃውንቱ ግእዝን ከትግርኛና ከትግሬ ጋር በሰሜኑ ወገን ያስቀምጡታል፤ አማርኛን ከደቡቡ ወገን። የአሳም ነገሥታት ከ1228 ጀምሮ ስድስት መቶ ዓመት ያህል የገዙት አሆም የሚባሉ፣ ከምሥራቅ የመጡ፣ ሌላ ቋንቋ የነበራቸው ሰዎች ናቸው። በጊዜ ብዛት የራሳቸውን ትተው በአሳምኛ ዜና መዋዕል አስጻፉ። ላስታ ላይ የነገሡት አገዎች ምን አደረጉ? ንጉሥ ላሊበላ ርስት ሲሰጥ የተጻፈው በግእዝ ነው። አገውኛ ዙፋን ላይ ተቀምጦ ብራና ላይ ሳይወጣ ቀረ። አማርኛ ግሱን በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጠው ከኩሽ ቋንቋዎች ወስዶ ነው የሚሉ ምሁራን ብዙ ናቸው፤ ይህ እውነት ከሆነ በየቀኑ አማርኛ የሚናገር ሁሉ በአገው ሰዋስው ላይ ቆሞ ነው የሚናገረው።

የአሳም ታሪክ ግን በድሉ አያበቃም። በ1960 የክልሉ ምክር ቤት አሳምኛን ብቸኛ የመንግሥት ቋንቋ የሚያደርግ ሕግ አወጣ። በክልሉ ደቡብ ያሉት ቤንጋልኛ ተናጋሪዎች ተቃወሙ፤ በግንቦት 1961 ሲልቻር ባቡር ጣቢያ ላይ ፖሊስ ተኩሶ 11 ሰው ሞተ። ትናንት የተነፈገው ዛሬ ነፋጊ ሆነ። ቦዶ የሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝብም ቋንቋቸው በሕንድ ሕገ መንግሥት መዝገብ የገባላቸው ከብዙ ትግል በኋላ በ2003 ነው።

ይህን ታሪክ ጎጃም ላይ አለማንሣት የሚመቸው ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው። ዕብራይስጥ ሲነሣ ሁሉም ተበዳይና ባለ ቅርስ ይሆናል። አሳምኛ ሲነሣ ጥያቄው ይገለበጣል፤ እዚህ ነፋጊው ማን ነው? ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በዳንግላ በኩል የሚሄድ ሰው እንጅባራን ያልፋል። እዚያ አገውኛ፣ በባለቤቶቹ አጠራር አውንጊ፣ ሕያው ነው፤ በፊደል ይጻፋል፣ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይማሩበታል። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲደርስ ባለሥልጣኑ ሁሉ ይጓዛል፣ ፈረሱ ያምራል፣ ንግግሩ ይረዝማል። ንግግሩ በየትኛው ቋንቋ ነው? አውንጊ ተናጋሪው ገበሬ ሐኪም ቤት ሲሄድ ሕመሙን በማን ቋንቋ ያስረዳል? «ግእዝን እናስነሣ» ባዩ ለዚህ አንድ ሳንቲም፣ አንድ ደቂቃ ሰጥቶ ያውቃል?

በእውነት የሞተ ቋንቋ የሚፈልግ ደግሞ ጎጃም ውስጥ አለ። ስሙ ጋፋት ነው። ሴማዊ ነው፤ በዐባይ ዳርቻ ይነገር ነበር። ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መኃልየ መኃልይ ወደ ጋፋትኛ ተተርጉሞ እንዲጻፍለት አድርጓል፤ ጽሑፉ ኦክስፎርድ ይገኛል። ቤክ የተባለው እንግሊዛዊ በ1840ዎቹ ጎጃምን ሲዞር ቃላት ለቀመ። ቮልፍ ሌስላው በ1947 እ.ኤ.አ. መጥቶ ብዙ ከለፋ በኋላ የሚናገሩት አራት ሰዎች አገኘ። ከዚያ በኋላ ጸጥ አለ። ለጋፋት መዝሙር የለውም፣ ዐውደ ጥናት የለውም፣ «አስነሡት» ባይም የለውም። የገደለው ባዕድ ወራሪ ሳይሆን አጠገቡ ያለው አማርኛ ነው፤ ቁጣ የማይቀሰቅሰውም ስለዚህ ይመስላል።

በሌላው ወገን ላሉትም አንድ ቃል። ግእዝ የአንድ ቤተ ክርስቲያን የግል ጉዳይ ነው የሚሉ አሉ። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው በዓለም ላይ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው፤ ብሩስ በ1773 ወደ አውሮፓ ይዞት እስኪገባ ድረስ ፈረንጅ ጠፍቷል ይለው ነበር። ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ፣ ዘ ዊክንድ የሚባለው ዘፋኝ በ2016 ገንዘብ ከሰጠ በኋላ፣ ግእዝ ማስተማር ጀምሯል። ቤተ እስራኤልም አሉ፤ ኦሪታቸው በግእዝ ነው፣ ጸሎታቸውም በግእዝና በአገውኛ። በ1984 እና በ1991 በአውሮፕላን ተጭነው ሄዱ፤ ልጆቻቸው በዕብራይስጥ አደጉ፤ የቄሶቻቸውን ግእዝ የሚረከበው እጅ እየሳሳ ነው። ተአምረኛው ዕብራይስጥ የግእዝን አንድ ክንፍ እየዋጠ ነው ማለት ነው። ይህን የዕብራይስጥ አድናቂዎች አስበውት ያውቃሉ?

አሁን የሚያስቸኩለው ግን ይህ ሁሉ አይደለም። የክልሉ አዲስ ሥርዓተ ትምህርት ግእዝን በአንደኛ ደረጃ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት አስገብቷል። መልካም። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ግን በጦርነቱ ምክንያት በክልሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ክፍል አልገቡም። መጽሐፉ አለ፣ ክፍሉ ዝግ ነው። የአብነት ተማሪው ደግሞ በሰላሙም ጊዜ ኑሮው «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ከሚለምነው ቁራሽ ነው፤ አኩፋዳውን ይዞ ከመንደር መንደር ይዞራል፣ ውሻ ይነክሰዋል። መንገድ በጥይት ሲዘጋ፣ ገበሬው ራሱ ሲራብ፣ ከማን ደጅ ይቆማል? እንግዳ ወጣት ሁሉ በሚጠረጠርበት ጊዜ ደበሎ የለበሰ ልጅ ከዋሸራ ወደ ዲማ እንዴት ይሻገራል? የቅኔ ትምህርት አገር ለአገር መዞር ነው፤ መምህር እየመረጡ፣ ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው። ያ መንገድ ሲቋረጥ የሚቋረጠው አንድ ትውልድ ሙሉ ነው፤ ቅኔ ደግሞ ከመጽሐፍ አይወረስም፤ ከየኔታ አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ ነው።

ክፍሉ ሲከፈትስ ማን ያስተምር? ሰባት ዓመት ቅኔ ቆጥሮ ያስመሰከረ፣ ግእዝን አፍ እንደፈታበት የሚቀኝበት ሰው፣ የምስክር ወረቀት የለውም ተብሎ ከደጅ ይመለሳል ወይስ ወንበር ይሰጠዋል? ለዐውደ ጥናቱ አዳራሽና ምሳ ከሚወጣው ገንዘብ ላይ ለየኔታ ደመወዝ፣ ለተማሪው ገብስ የሚቆረጥ አለ? ዕብራይስጥን አስነሡ የተባሉት ሰዎች በ1886 የጀመሩት ከመምህር ደመወዝና ከአንድ ክፍል ነበር። ደብረ ኤልያስ ያሉት የኔታ ዘንድሮ ስንት ተማሪ እንዳላቸው፣ ተማሪዎቹም ምን በልተው እንዳደሩ፣ ከሚቀጥለው ጭብጨባ በፊት አንድ ሰው ሄዶ ይጠይቅ።